ቆንቋናዋና የእሜቴ ቁምሳጥን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ከቀትር በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ

ለነገረኛዋ የልጅ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? አሁንም በብርዱ አፍንጫሽ ቀልቶ "ደህና ነኝ አባባ" እያልሽ ትዋሺኛለሽ? እኔስ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል እንጂ ሌላው አካሌ እርስ በርሱ ተስማምቶ ይኖራል። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትይ ይሆናል። ስልኩ ውስጥ ያለችው ረዳት ያንቺው ሥራ ናት፤ እሷን እዚያው ላይ ማማት ነውር መስሎኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ እናትሽ የዕቃ መኪና ይዛ ትመጣለች። ከእሷ ጋር ልኖር መሆኔን ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ የተሰጠኝ ክፍል ቁምሳጥን ባለ አንድ በር መሆኑን ነው። የእኛ ግን ሁለት በር አለው፤ በግራው እኔ፣ በቀኙ ሴት አያትሽ። እሜቴ ካረፈች ሁለት ክረምት ቢያልፍም ቀኙን በር የነካው ሰው አልነበረም። ባለፈው ወር እናትሽ መጥታ፣ ነርስ አይደለች፣ ቁስል እንደምታጥብ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

"አባዬ፣ የእማዬን ልብሶች እስከምንጓጓዝ አንድ ነገር አድርጋቸው። ካልሆነልህ እኔ በከረጢት አድርጌ አወጣቸዋለሁ።"

"እኔንስ በከረጢት ነው የምታወጪኝ?"

"አንተ ስለማትገባ እኮ ነው መኪና የጠራሁት።"

ምላሷን ከማን እንደወረሰች አላውቅም። ግን እውነቷን ነው። እነዚያን ልብሶች አንድ በአንድ የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። በከረጢት ሲወጡ ቆሜ ማየት አልችልም፤ ይዣቸው ልሂድ ብልም የማስቀምጥበት የለኝም።

ያቺ "ሞክርልኝ" ብለሽ የላክሽልኝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባችው በዚህ መሀል ነው። ሰው አዲስ ልብስ ሲያምረው "መጀመሪያ ያለዎትን ያሳዩኝ" ስለምትል እኔ ቆንቋናዋ ብያታለሁ። ሹራብ ልገዛ ነው ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ያለዎት ሹራብ ምን ሆነ?"

"ክርኑ ተበሳ።"

"ሊጣፍ ይችላል። በአካባቢዎ ልብስ ሰፊ ካለ..."

"ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አዲስ ለምን ይገዛሉ?"

እሜቴ ከወጥ ቤት የተናገረች መሰለኝ። እጅ ሰጠሁና ሁለቱንም በር ከፍቼ ፎቶ አነሳሁላት። እሷ ምን ታውቃለች፣ ሁሉንም የእኔ አደረገችው። በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"አረንጓዴው ቀሚስ ከወጣ የቆየ ይመስላል። ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው፤ ከቡናማው ጫማዎ ጋር ያምርብዎታል።"

ሳል እስኪይዘኝ ሳቅሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እሜቴ ካረፈች ወዲህ ስለ አረንጓዴው ቀሚስ ያነሳብኝ ሰው የለም፤ ሁሉም እንዳይከፋኝ ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ አላረምኳትም። ቀሚሱን አውርጄ ክንዴ ላይ ጣል አደረግሁና ወጣን።

ፌርማታው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ ቀስ እያለ እጅጌው ውስጥ ይገባል፤ እጅጌው ይሞላል፣ ከፍ ይላል፣ መልሶ ጉልበቴ ላይ ጋደም ይላል። ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። አውቶቡስ ይመጣል፣ አውቶቡስ ይሄዳል፤ አንዱም እኛ የምንሳፈርበት አልነበረም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አይቶኝ መጣ። "አባባ፣ ደግሞ ልብስ መሸጥ ጀመሩ?"

"ኧረ አየር እያስወሰድኳት ነው።"

"ሱሪዎስ አየር አያምረውም?"

"እሱ በየቀኑ እኔን ተሸክሞ ይወጣል፤ ጠግቧል።"

ከዚያ በኋላ ሥራዬ በየጠዋቱ አንዳቸውን ይዞ መውጣት ሆነ። ስመለስ ቆንቋናዋ "ወጥቷል?" ትላለች። "ወጥቷል" እላለሁ፤ መቼም አልዋሸሁም። ባለፈው ስትደውዪ "አንድ ደንበኛ አለን፤ ምንም አይገዛም፣ ያለውን ሁሉ በየተራ ይለብሳል፣ በስብሰባ ላይ ለአርአያነት ተነሳ" ስትዪኝ ጭጭ ያልኩት ለዚህ ነው። አርአያችሁ ቀሚስ አቅፎ የሚዞር ሽማግሌ መሆኑን ለአለቆችሽ በዘዴ ንገሪልኝ።

ታዲያ አንድ ቀን የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጠች። የአረንጓዴውን ቀሚስ ጠርዝ በጣቷ ያዝ አድርጋ አየችው።

"የልጄ ምረቃ ደርሷል። እንዲህ ያለ ፈልጌ ያልዞርኩበት ሱቅ የለም፤ ያለው ሁሉ አንዴ ሲታጠብ የሚበተን ነው" አለችኝ።

አፌ ላይ የመጣው "ይሄ አይሰጥም" የሚል ነበር። ዋጥ አደረግሁት። ቤት ገብቼ ለቆንቋናዋ እውነቱን ነገርኳት። "ይህ ቀሚስ የእኔ አይደለም። የባለቤቴ ነው። ሞታለች።"

ወዲያው መለሰችልኝ።

"አዝናለሁ። የእርሷን ልብሶች ከእርስዎ ልብሶች ለይቼ ላስቀምጥ?"

"አትለያቸው። አብረው ነው የኖሩት።"

"እሺ፣ አልለያቸውም። ይህን ቀሚስ ማን ቢለብሰው ደስ ይላት ነበር?"

ሰዉ ሁሉ "ምን ልታደርጋቸው ነው?" ነበር የሚለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ይሄን ጥያቄ ያስተማርሻት አንቺ ከሆንሽ፣ መስታወት ፊት ቁሚና ግንባርሽን ሳሚልኝ።

"ዳቦ ቤቷ" አልኳት። "ግን ወገቡ ይጠባታል።"

"ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ይኖረው ይሆን?"

"የሰፋሁት እኔ ነኝ እያልኩሽ፣ እንዴት አይኖረውም?"

የስፌት መኪናዬን ሽፋን ገፈፍኩ። ዘይት ጠብ አደረግሁላት፤ እንደ ተቀየመች ሴት መጀመሪያ አንገራገረች፣ ኋላ ግን ወሬዋን ቀጠለች። ቤቱም ድምፅ አገኘ።

የምረቃው ጠዋት በዚህ መስኮት አረንጓዴው ቀሚስ መንገድ ሲሻገር አየሁት። ልጣራ አፌን ከፍቼ ነበር። አልተጣራሁም፤ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት። ደግሞ እንዳሰብኩት አልከፋኝም።

ሌሎቹም ተከተሉ። ባለ አበባውን ግራጫ ሻርፕ ዘበኛው አበባውን ወደ ውስጥ አጥፎ አንገቱ ላይ ጠመጠመው። ቢጫው ሹራብ ከፋርማሲስቷ ጋር ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ይውላል። አሁን በረንዳ ላይ ስቀመጥ እሜቴ በአንድ ጊዜ በሁሉም አቅጣጫ ትሄዳለች። እጅጌዋ ዳቦ ያቀብላል፣ ጉርዷ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ኪሷ ውስጥ የሰው ቁልፍ ይንሿሿል። ፀሐዩ ሲለሰልስ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል፤ ከዚያ የቱን በዓይኔ እንዳየሁ፣ የቱን በሕልሜ እንዳየሁ አልለይም። ግድም የለኝ። እሷ ድሮም አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር።

የሱፍ ካፖርቷ ብቻ ቀረ። "ይህንንስ ማን ቢለብሰው ደስ ይላት ነበር?" አለችኝ ቆንቋናዋ። ማሰብ አላስፈለገኝም፤ "የልጅ ልጄ" አልኳት። ስፌቱን ፈታሁትና የጨርቁን የውስጥ ፊት ወደ ውጭ ገለበጥኩት። ፀሐይ ያላየው ሰማያዊ፣ ትናንት ከሱቅ የመጣ ይመስላል። በነጭ ክር ላላ አድርጌ አያይዤዋለሁ።

"የልጅቷን ፎቶ ቢሰጡኝ ልኳን እገምታለሁ" አለችኝ።

"አንቺ ገምተሽ እኔን ቀሚስ አልብሰሽኛል" አልኳት። ከዚያ ወዲያ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም።

ሰውዬው ሳይለብሰው፣ ዞር በል ሳይባል የሚያልቅ ካፖርት እኔ ዘንድ የለም። ከሄድሽ ወዲህ ትከሻሽ የት እንደደረሰ፣ ኮምፒውተር ላይ ስታጎነብሺ ጀርባሽ ምን እንደሆነ በስልክ አይታየኝም። ስለዚህ እጅጌዎቹን አላስገባኋቸውም። እናትሽም አይታው ከባለ አንድ በሩ ቁምሳጥን እኩሌታውን ፈቀደችለት። እሁድ ከሾፌሩ ጎን አቅፌው እሄዳለሁ።

ታዲያ አትቸኩዪ። ሥራሽንም እንዳታጓድዪ፤ ሲመችሽ ነው። እርግጥ ክሩ የመርፌ ቀዳዳ አልገባም እያለ ያስቸግረኝ ጀምሯል፤ የሚታዘዘኝ በጠዋት ብርሃን ብቻ ነው፣ እሱም ሰማዩ የጠራ እንደሆነ። ይሄ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። ብቻ የመጣሽ ቀን በጠዋት የሚገባውን አውሮፕላን ያዢ።

የለበስሽው ይሙቅሽ፤ የጀመርሽው ይጽናልሽ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ።

የሚናፍቅሽ ሳይሆን ልክሽን የሚፈልገው፣
አያትሽ