በክርስትናው ሰሞን የሠራህልኝ ሹራብ

ይርጋዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ዘመድ በልቶ ጠጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ሰው ከዚህ በኋላ ይቀለኛል ብሎ ያስባል መሰለኝ። እኔን አልቀለለኝም። ለማን እንደምናገር ባጣ ነው ላንተ የምጽፈው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ወፍጮ ቤቱን ወንድምህ ይዞታል፤ ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ዛሬም ደንግጬ ወደ በሩ አያለሁ። ቅንድብህ ዱቄት ለብሶ የምትገባ ይመስለኛል። ሰብለ አራተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ሕፃኑ ቆሞ ይሄዳል። ሲሄድ እንደ አንተ ቀኝ ትከሻውን ያስቀድማል፤ ማን አስተማረው? ሐምሌ ገብቷል፤ ፍኖተ ሰላም በጭቃ ተይዛለች፤ ብርዱም ከባድ ነው። ሰብለ የሠራህላትን ኮፍያ አውጥታ አድርጋለች። ትናንት ሰብለ "እማ፣ ያንቺን ሹራብስ ለምን አትለብሽውም?" አለችኝ። "ይሞቀኛል" አልኳት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

አንገትህ ላይ ያ እብጠት የወጣ ጊዜ ሁለታችንም ጉንፋን ነው ብለን ነበር። ቆይቶ ነው ወደ አዲስ አበባ የተላክነው፤ እዚያ ሲደርሱ ካንሰር ነው አሉን፤ ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ፣ ስምንት ጊዜ ትወስዳለህ አሉህ። የመጀመሪያውን ጉዞ አብሬህ ሄጃለሁ። ዓባይን ስንሻገር ጭንቅላትህን ትከሻዬ ላይ ጥለህ "ስምንት ብቻ እኮ ነው" አልከኝ። ስምንት ጆንያ የምትፈጭ ነበር የሚመስለው አነጋገርህ።

ሹራብ መሥራት የለመድከው እዚያው ሆስፒታል ነው። ከጎንህ አልጋ የተኙት ሃምሳ አለቃ የድሮው ጦር ወታደር ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ታስረው እስር ቤት ውስጥ ነው ሹራብ መሥራት የተማሩት። ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ሞርደው የሠሯቸውን ሁለት ዘንጎች ይዘው ነበር ሆስፒታል የገቡት። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ስታይ ታዝበውህ "ና ልጄ፣ ይህን ያዝ፤ እጅ ሥራ ከያዘ ሆድ ማሰብ ይቀንሳል" አሉህ። ጉሉኮሱ የተሰካበት ክንድህን ትራስ ላይ አሳርፈህ በሌላው ስትታገል ነርሷ ትቆጣህ ነበር። አንተም ሃምሳ አለቃም እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ክሩን ብርድ ልብስ ውስጥ ትደብቁ ነበር።

ጸጉርህ ረግፎ ራስህ ተመልጦ ሳለ የመጀመሪያውን ኮፍያ የሠራኸው ለራስህ አልነበረም፤ ለሰብለ ነው። አንድ ጆሮ የሚሸፍን፣ ሌላውን የሚያጋልጥ ነገር ይዘህ መጣህ። እሷ ግን ተኝታም አላወለቀችውም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉዞ ላይ የእናትህን ሹራብ ሠራህ፤ የእሳቸው ቡናማ ነው፤ እጅጌው ልክክ ብሎላቸዋል። አራተኛው ላይ ሆዴ ገፍቶ ነበር፤ ለሚወለደው ብለህ ነጭ ሹራብ ከነካልሲው። አምስተኛው ላይ ለወንድምህ የአንገት ልብስ። ስትመለስ ከአውቶቡስ የምትወርደው በሩን ተደግፈህ ነበር፤ ግን ሻንጣህን ከመክፈትህ በፊት አትተኛም። "ልኩት፣ ልኩት" ትል ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ ስትሠራ እህል ያመጡት ሰዎች ያሾፉብህ ነበር። ወንድ ልጅ ሹራብ የሚሠራው እስር ቤት ነው እንጂ ሌላ የት አይተው ያውቃሉ። አንዱ ከደምበጫ የመጣ ነጋዴ "ጌታው፣ ለመሆኑ የት ነበር የታሰርከው?" ሲልህ፣ ቀና ሳትል "አሁንም እንደታሰርኩ ነኝ፤ ፍርዱ አልተነበበልኝም" አልከው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰምቼ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔና አንተ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

ሕፃኑ ኅዳር ላይ ተወለደ። ስድስተኛው ቀጠሮህ በክርስትናው ሳምንት ላይ ዋለ። ትኬት ልትቆርጥ ስትነሳ እጅህን ያዝኩህ። "አንገትህ እኮ ተስተካክሏል" አልኩህ። እውነትም እብጠቱ ጠፍቶ ነበር፤ ፊትህ ሞልቶ፣ ጸጉርህ እንደ ጫጩት ላባ ብቅ ብሎ ነበር። "ዶክተሯ አንድም ቀን እንዳታሳልፍ ብላኛለች" አልክ። "ልጅህን ያለ አባት ክርስትና ላስነሳው? ትንሽ ቆይ፣ ክርስትናው ይለፍ" አልኩህ። አየኸኝ። ያ አስተያየትህ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ጫማህን አወለቅህ።

ክርስትናው አለፈ። ቀጥሎ ጥምቀት መጣ፤ ከጥምቀት በኋላ የእህትህ ልጅ ሰርግ፤ ከዚያ የወፍጮው ሥራ በዛ። አንተ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ። መድኃኒቱን ስትወስድ የሚያስመልስህን፣ የሚያንቀጠቅጥህን ስለማውቅ፣ አንድ ወር ያለ ስቃይ ስትበላና ስትስቅ ማየት ጣፈጠኝ። ይርጋዬ፣ ራሴን ማታለል አልፈልግም፤ ብቻዬን ከአራስ ልጅ ጋር መቅረትም ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴን የክርስትና ልብስ አለበስኩት።

በእነዚያ ሁለት ወራት ነው የእኔን የሠራኸው። አረንጓዴ፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ፣ ሳጠባ እንዲመቸኝ ብለህ። ከሠራኸው ሁሉ የእኔ ነው የሚያምረው። እጅህ ሥራውን ጠንቅቆ አውቆት ነበር፤ አንድም ቋጠሮ አላመለጠህም። ሌሎቹን ሁሉ የሠራሃቸው ስትታከም ነው። የእኔን ግን ሳትታከም ነው የሠራኸው። እያንዳንዱ ረድፍ በሽታው ውስጥ ውስጡን ሲመለስ የተሠራ ነው። እኔ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጬ ክሩን እጠቀልልልህ ነበር፤ እንዴት ያለ ደስታ ነበር የተሰማኝ!

መጋቢት ላይ ብብትህ ሥር ሌላ እብጠት ወጣ። ሕፃኑን አዝዬ አብሬህ ሄድኩ። ዶክተሯ ካርድህን አገላብጣ "ሁለት ወር ሙሉ የት ነበርክ?" አለችህ። እኔ ከኋላህ ቆሜያለሁ። የከለከልኩት እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ የልጁን አንቀልባ አጠበቅሁ። አንተ ግን ሳትዞር "የወፍጮ ሥራ ይዞኝ ነው" አልካት። እሷም ተቆጣች፤ "ከነፍስህ ሥራ ይበልጣል?" አለችህ። "አጠፋሁ" አልክ። ያቺን "አጠፋሁ" በእኔ ፈንታ አልካት። ከክፍሉ ስንወጣ የልጁን እግር ዳሰስ አድርገህ "ካልሲው ጠቦታል" ብቻ ነው ያልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክታሸልብ አንዲት ቃል ወቀሳ ከአፍህ አልወጣችም። ምነው በወቀስከኝ። ምነው አንድ ቀን በጮህክብኝ!

መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩልህ፤ ግን አልያዘልህም። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ቤትህ ሆነህ ሄድክ።

እናትህ እማ የሺ ከቡሬ ገጠር በየሁለት ሳምንቱ ይመጡ ነበር። ያን ሹራብ በፀሐይም በዝናብም አያወልቁትም፤ ልጠብልዎት ስላቸው "የልጄ እጅ ያለበትን ውኃ አላስነካም" ይላሉ። ሲመጡ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት እኔን መመረቅ ነበር። "ልጄን እስከ መጨረሻ ያስታመምሽልኝ፣ ክፉ አይንካሽ፤ የወለድሻቸው ይጡሩሽ" ይሉኛል። ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ "አሜን" እላለሁ።

የሙት ዓመትህ ማግስት እንግዳው ሲበተን ብቻችንን ቀረን። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። "አይመርቁኝ እማ" አልኳቸው። ነገርኳቸው። የክርስትናውን፣ "ትንሽ ቆይ" ያልኩህን፣ ዶክተሯ ፊት ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። አልጮሁም። የሹራባቸውን እጅጌ በጣታቸው ደባበሱ። ከዚያ "ማስተጓጎሉ እንደሚጎዳው እሱ ያውቅ ነበር?" አሉ። "ያውቅ ነበር" አልኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ፤ ልጆቹን ስመው ወጡ። እኔን አልሳሙኝም።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አልመጡም። ቅዳሜ ከቡሬ በመጡ ገበያተኞች እጅ ለልጆቹ ቅቤና ድፍን ምስር ላኩ። ለሰብለ መልእክት አለ፤ ለሕፃኑም አለ። ለእኔ ግን ቃል የለም። የላኩትን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ያመጣችውን ሴትዮ "ሌላ ምንም አላሉም?" ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። "ምንም" አለችኝ።

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ይህን ልንገርህ፤ ከነገርኳቸው ወዲህ፣ አንተን ሳስብ መሬት መሬቱን ማየት ትቻለሁ። ያልተገባኝን ምርቃት መብላት አቁሜያለሁ። ሰብለ ከፍ ስትል ለእሷም እነግራታለሁ፤ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈልግም። ትጠላኝም እንደሆነ እውነቱን አውቃ ትጥላኝ። አባቷ ሥራ ወድዶ ነፍሱን ጣለ ብላ እንድታድግ ግን አልፈቅድም፤ በእኔ ፈንታ የተሸከምከውን አወርድልሃለሁ።

ዓለሜ፣ ሰው የሞተበትን ሲያስታውስ መልካም መልካሙን ይመርጣል። እኔ እንዲያ አላደርግም። ሳቅህን አስታውሳለሁ፤ በዶክተሯ ፊት ያልከውንም አስታውሳለሁ፤ ጫማህን ያወለቅህባትንም ጠዋት ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር አስታውሳለሁ። እስከምሞት ድረስ።

የልጆችህ እናት
ፍኖተ ሰላም