ገብስ ጎታ ውስጥ የደበቅሁት መነጽር

ልጄ ማዕረግ፣ የደረስጌዋ ማርያም በምትሄጂበት ሁሉ ከፊትሽ ትቅደም። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

የላክሽልኝን መነጽር ገብሱ ጎታ ውስጥ ደብቄዋለሁ። «ልጇ ውጭ አገር ሄዳላት ኮራች» ተብሎ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ስሜ እንዳይነሳ ብዬ ነው። ትናንት ጓሮ ወጥቼ ባደርገው፣ የስሜን ተራራ ከነገደሉ ፊቴ ቆመ! ስንት ዓመት ጭጋጉ አልነሳ አለ ስል የኖርኩት፣ ለካ የራሴ ዓይን ኖሯል።

ጎረቤታችን በለጠች ድንገት ስትደርስብኝ ነጠላዬ ውስጥ ወሸቅሁት። ሳቀችብኝና «እኔስ ልጄ የላከልኝን የሽቶ ሳሙና ተደብቄ አይደል የምታጠብበት?» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ስቆም ሽታው እያወደኝ፣ መልአክ መጣ ብዬ ዓመት ሙሉ ስሰግድ የኖርኩት ለካ ለሳሙናዋ ነው!

መነጽሩን አደረግሁላት፤ ተራራውን አይታ አለቀሰች። ለእሷም አንድ ላኪላት፤ እኔ እንደ ጠየቅሁሽ ግን አትንገሪያት። ተራራውን ያሳየኝ አምላክ አንቺንም ያሳየኝ።

እናትሽ ጽጌሬዳ