ደሪቶ ፊልም

ደሴ፣ ጥር 1980 ዓ.ም

ለውድ እታለሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የረሂማ አባት ወገባቸው እንዴት ሆነ? ገብሱ ከአውድማ በሰላም ገባ? ያቺ ጥቁሯ ላምስ ወለደች ወይስ እንዳምናው አሞኘቻችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የደሴ ብርድ ያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ መርፌ አልይዝ ይለኛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቀኛል።

ረሂማ፣ የኔ ልጅ፣ ይህን ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አደራ፣ እየዘለልሽ አታንብቢ። ክፉ ነገር ሲመጣ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፤ እናትሽ በሱ ነው የምታውቅብሽ። ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ ሂጂ።

እታለም፣ ጨው ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ያደርስልሻል። ደብዳቤው ተነቦ ሳያልቅ እንዳትፈቺው። ለምን ብለሽ አትጨቅጭቂኝ፣ እሺ በይኝና አስቀምጪው።

ኩታበር ገበያ ላይ፣ የደሴን ልጆች ከፊልም ቤት አፈሷቸው፣ ያንቺም ልጅ አለበት ብለው አንዳንድ ወሬኞች እንዳስለቀሱሽ ሰምቻለሁ። እንግዲህ እውነቱን ከኔ ስሚ። ልጆቹ ታፍሰዋል። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ሀምዱ ግን ከፊልም ቤት አልታፈሰም። ያን ቀን ከኔ ጋር ወጥቶ፣ ከኔ ጋር ቤት ገብቶ፣ ራቱን በልቶ ተኝቷል። ወላሂ ብዬ ነው የምነግርሽ። የቀረውን በተራው ትሰሚያለሽ።

አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ፊልም ቤት ምን ወሰደሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ቀበሌ ነው የወሰደኝ። ለእናት አገር ጥሪ ነው ብለው ቲኬት ቤት ለቤት እየዞሩ አስገዙን። ጎረምሳ ካለበት ቤት ሁለት፣ ከሌለበት ቤት ምንም። እኔ ሞኟ፣ ወጣቱን ያስቡለታል ማለት ነው ብዬ ነበር። ታዲያ በግድ የገዛሁትን ቲኬት ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው? ነጠላዬን አጣፋሁና ከሀምዱ ጋር ሄድኩ። የጎረቤቴ የሸፊቃ ልጅ ጀላልም አብሮን መጣ። ጀላልን ታውቂዋለሽ፤ ሀምዱ ከዚያ ከናንተ ዘንድ ለትምህርት ከመጣ ጀምሮ ከአንድ ወንበር ተነስተው አያውቁም።

ፊልሙ ካውቦይ ነው፤ ግን የሚያስቅ ካውቦይ። አንድ ወፍራም የከተማ ጠባቂ አለ፣ የራሱን ፈረስ የሚፈራ። ሌባ በመጣ ቁጥር በርሜል ውስጥ ይደበቃል፤ በርሜሉ ይንከባለልና ሌባውን ይጥልለታል፤ ከተማው ሁሉ ጀግና ነው ብሎ ያጨበጭብለታል። ይኸው ነው። ቋንቋውን ባናውቀውም ምንም አልቀረብን።

እኔ ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዓይኔ ልብሱ ላይ ቀረ። ሰውየው ከበሩ ውጭ ሲቆም ኮሌታው ሹል ነው፤ በሩን አልፎ ሲገባ ክብ ሆኗል። ሚስቱ ኩሽና ገብታ ስትመለስ ሌላ ሴት ናት፤ እሱ ደግሞ ምንም እንዳልተለወጠበት ያቅፋታል! ልጃቸው ጥርሱ ወላቃ ነበር፣ ጥርስ አወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወላቃ ሆነ። ቀለሙ እንኳ አንዱ ጋ ብዙ የታጠበ፣ አንዱ ጋ ገና ከሱቅ የወጣ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ምን ጉድ ነው ብዬ ጀላልን ጎነጥኩት። አጎቱ ጅዳ ስላለ ስለ ውጭ አገር ነገር የማያውቀው የለም። አክስቴ፣ ይህ ድሮውንም ፊልም ሆኖ የተሠራ አይደለም አለኝ። በቴሌቪዥን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚታይ ቀልድ ነበር፤ ዘመን ሲያልፍበት አራት አምስቱን ቀጣጥለው፣ ፊልም ነው ብለው ሸጡት አለኝ። ደሪቶ ነው በለኛ አልኩት። አዎ ደሪቶ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ደሪቶ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ወደድኩት፤ ስፌቱ የት እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ።

አልሳቅሁም አልልሽም። በርሜሉ ላይ ስቄያለሁ። ሀምዱማ ተይው። አሳሳቁን ታውቂዋለሽ፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ እንባው ይወርዳል። አባቱን ቁርጥ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ፊልሙን ትቼ እሱን ሳይ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ታዲያ ፊልሙ አላልቅ አለ። ማለቴ፣ እያለቀ አላልቅ አለ። ሌባው ተያዘ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። አለቀ ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሳሁ። ወዲያው ሌላ ጠዋት ነጋ፤ ያው ሰውዬ፣ ሌላ ሌባ። ከኋላዬ ያሉት ጎረምሶች፣ እናታችን ይቀመጡልን ብለው ጮሁብኝ፤ ተቀመጥኩ። ደግሞ ባርኔጣውን አወለቀ። አሁንስ በቃኝ አልኩ። መግሪብ ሊያመልጠኝ ነው፣ ጉልበቴን ይዞኛል፣ ዳገቱን በድንግዝግዝ ብቻዬን አልወጣውም። ሀምዱን ተነስ አልኩት። አክስቴ፣ አላለቀም እኮ፣ ሁለት ይቀረዋል ብሎ ለመነኝ። ስትፈልግ ቅር ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ደግሞ እኔን ብቻዬን መስደድ አይሆንለትም፤ አኩርፎ ተነሳ። ጀላል ነው ያባበለው። ሂድ አድርሳቸው፣ መጨረሻውን ነገ እነግርሃለሁ አለው። ጀላል ራሱ ጃኬቱን እኛ ቤት ጥሎ በሸሚዝ ነበር የመጣው።

በሩ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ቆሟል። ስሙን አልጽፍልሽም፤ ሱሪውን የምሰፋለት እኔ ነኝ። ፊልሙ መች አለቀና ነው የምትወጪው አለኝ። በኔ በኩል አልቋል አልኩት። ሀምዱን አየው፣ ወዲያ ወደ መንገዱ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሂጂ፣ ልጁንም ይዘሽ ቶሎ ሂጂ አለኝ። ብርድ እንዳይመታኝ ያሰበልኝ መስሎኝ መረቅሁት። ከአጥሩ ጥግ ሸራ የለበሱ የወታደር መኪኖች ቆመው ነበር፤ አንዱ ሹፌር ቆሎ ይቆረጥማል። አልፈነው ሄድን።

ያኔ ምንም አልገባኝም እታለም። የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ሸፊቃ ጀላል እናንተ ዘንድ አደረ ወይ ብላ በሬን ስታንኳኳ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሀምዱን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አስቀመጥኩት። ትምህርት ቤት ቢሄድስ ከማን ጋር ይማራል? የክፍላቸው ወንድ ሁሉ የለም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አገሩ ሄዷል አልኩ። ሸፊቃ ግን ታውቃለች። በየቀኑ ትመጣለች፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ትቀመጣለች። ያንቺ ወጣ፣ የኔ ቀረ ብላ አንድ ቀን ብትሰድበኝ በወደድኩ። አንድም ክፉ አልወጣትም። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ጃኬቱን ለምን አልለበሰም ትለኛለች። ጃኬቱ እኔው ቤት ተሰቅሏል፤ ውሰጂው ብላት እምቢ አለች። መጥቶ ራሱ ይውሰደው አለች።

አንድ ቀን ልጆቹ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ናቸው ሲባል የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ሄደች። አጥር ለአጥር ሆነው ትንሽ አነጋገረችው። ሲበዛ ከስቷል አለችኝ። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት ሀምዱ ደህና ነው ወይ ብሎ ነው። ደህና ነው ስትለው አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ፣ ፊልሙን እንደሆነ ማንም አልጨረሰውም በይልኝ አላት። ሰውየው በርሜሉ ውስጥ እንደገባ መብራቱን አበሩትና በሩን ዘጉት፤ ከበርሜሉ ሲወጣ ያየው የለም አላት። ሸፊቃ ይህን ስትነግረኝ ሀምዱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ይሰማ ነበር። ማታ እንጀራውን ሳይነካው አነሳሁት።

እንግዲህ እታለሜ፣ ወሬው ይህ ነው። አይዞሽ፣ አብሽሪ። ለረሂማ አባት፣ ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ረሂማ፣ ወረቀቱን አታጥፊው። ጀርባው ላይ አለ። ገልብጪና ቀጥይ።

እታለም፣ እዚያው ላይ ላበቃው ፈልጌ ነበር፤ ፖስታውንም አሽጌው ነበር። ዘይኑልአቢዲን ግን በቅሎውን እስኪጭን ጊዜ ሰጠኝና ቀደድኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ቀበሌ አስጠሩኝ። ቤትሽ የነበረው ወጣት የት ነው አሉኝ። አገሩ ሄዷል አልኩ። የስፌት ሱቄን አሸጉት፣ እኔንም እዚያው ቀበሌው እስር ቤት አስቀመጡኝ። ምንም አልሆንኩም፣ በኔ አታስቢ፤ ከቁንጫው በቀር የነካኝ የለም። ሸፊቃ ምግብ ታመላልስልኝ ነበር፤ ልጇን የወሰዱባት ሴት! እስከ መቼ ነው የምቀመጠው ብላቸው፣ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ አሉኝ። እኔ የማውቀው ነገር የለም አልኳቸው። ዕድሜዬን ሁሉ ብቀመጥም ሌላ ነገር አልነግራቸውም ነበር፤ ይህንን ማመን ባትፈልጊ አልፈርድብሽም።

ሐሙስ ጠዋት ስሜን ጠርተው ውጪ አሉኝ። እሰይ ብዬ ስወጣ፣ በሩ ላይ ሀምዱ ሲገባ ተገጣጠምን።

አንድ ጃኬት ለብሷል፣ አንድ ጃኬት ክንዱ ላይ ይዟል። ክንዱ ላይ ያለው የጀላል ነው። ምን ልትሠራ መጣህ ብዬ ጮህኩበት። አክስቴ፣ ጀላል ዘንድ ልሄድ ነው አለኝ። የፊልሙን መጨረሻ ነገ እነግርሃለሁ ብሎኝ ነበር፣ ይህን ሁሉ ቀን አስጠበቀኝ አለኝ። እየሳቀ ነበር እታለም። ድምፅ አውጥቶ ነው የሳቀው። ልጅሽ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ፊልሙ መጨረሻ እንደሌለው ደግሞ እኔም ሰምቻለሁ፣ እሱም ሰምቷል። ምን ልበልሽ፣ አርባ ዓመት ጨርቅ ስገጥም የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን አልያዝኩትም። እጄን ስሞ ገባ። በሩን ከኋላዬ ዘጉት።

ሱቄን በዚያው ቀን ከሰዓት ከፈቱልኝ።

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁት። አለቀስኩ፤ ያየኝ ሰው ይየኝ ብዬ እያለቀስኩ ወጣሁት። ትናንት ከሸፊቃ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን ነበር። መጋዘኑ ተጠርጓል፣ ማንም የለም። ሁለት ልጆች ተቃቅፈው መኪና ላይ ሲወጡ አየሁ ያለችን አንዲት ጉሊት ነጋዴ አለች። አንደኛው ጃኬት ለብሶ ነበር ወይ ብላ ሸፊቃ ጠየቀቻት። ሁለቱም ለብሰዋል አለች። ሸፊቃ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛኝ መጣች።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው። የትምህርት ቤት ልብሱ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ነበር፣ ጠቅሜዋለሁ። እግሩ ገና እያደገ ስለሆነ ሲመጣ ያጥረዋል ብዬ ግርጌውን ሰፋ አድርጌ አጥፌዋለሁ፤ ያኔ ፈትተሽ ታስረዝሚለታለሽ። ቢጠፋሽ እኔ እመጣለሁ።

ዱዓ አድርጊለት። ለጀላልም አድርጊለት። ለኔ እንደወደድሽ። አላህ ላንቺ ትዕግሥቱን፣ ለነሱ መመለሻውን ይስጥልኝ።

ልጅሽ ወደ ቤቷ የመለሳት፣
ታናሽ እህትሽ