ሲስተር ሻሺቱን ከካርድ ክፍል ስለማስመለስ

ዶርዜ፣ ግንቦት 2006 ዓ.ም.

በአርባ ምንጭ ለሚገኙት ክቡር የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፦ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ በር ማንም የማይደፍረው ይሁን እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እኔ የልጅ ልጄ ኑሃሚን ታማ፣ አልጋው ለተረኛ እስኪፈለግ ድረስ ለጥቂት ቀናት ግቢዎን ያጣበብኩት ሽማግሌ ሸማኔ ነኝ። አቤቱታዬ እነሆ፦

፩ኛ. በእኛ በጋሞ አገር ሰው ሲታመም ጎሜው የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ከቤተሰቡ ነውር ሠርቶ መዓቱን የጠራው ማን እንደሆነ ይጣራል ማለት ነው። እኔም የዘመዶቼን ኃጢአት እስከ ሰባት ቤት አጥንቼ ብመጣ፣ ነርስዎ ሲስተር ሻሺቱ አንዱንም ሳትሰማኝ፣ ልጅቷን ሰሞኑን ትንሽ ቀለል ያለሽ ምን ስትሠሪ ነው ብላ ጠየቀቻት። ጥጥ ስፈትል ብትላት፣ እንዝርት አስመጣችላት። ኧረ ለመሆኑ ሐኪም ቤት ነው ወይስ የአክስቷ ጓዳ?

፪ኛ. ይባስ ብላ፣ ተኝተሽ ሳለ ተአምር ወርዶ ችግርሽ ቢጠፋ ጠዋት በምን ታውቂያለሽ አለቻት። እንደ ልማዴ በልጅቷ ፈንታ ልመልስ አፌን ስከፍት ኑሃሚን ቀደመችኝ፤ አባባ ዝም ብለው እኔ ስናገር ይሰሙኛል፣ አለች። ያለ ማደንዘዣ እንዲህ ያለ መርፌ ይወጋል?

፫ኛ. እኔም ቆስዬ ቢሮዎ ገባሁና፣ ነርሷ ወሬኛ ናት ብዬ ከሰስኳት። እርስዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ውሃ ካየ የከረመውን የሕሙማን መጸዳጃ ቤት ታግሠው፣ የእኔን ክስ ግን ከምሳ በፊት አስፈጸሙልኝ፤ ሻሺቱን አንዲት ቃል ሳይጠይቁ ካርድ ክፍል አስቀመጧት።

አሁን የኑሃሚን ቀጠሮ ደርሷል፤ መድኃኒቷም እያለቀ ነው። እርሷ ግን፣ አባባ፣ የምትሰማኝን ሰው አስባርረው ወደ ማን ልሂድ ብላ ከቤት አልወጣም አለች። ጎሜው የእኔ ነው።

ስለዚህ ሰኞ እንደ አገራችን ወግ ርጥብ ሣር ይዤ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ለሲስተር ሻሺቱ እንበረከካለሁ። ይቅርታውን እኔ እለምናለሁ፤ እርስዎ እርሷን ወደ ሕሙማኑ አልጋ ዳር ብቻ ይመልሱልኝ።

በፈጣን ፍትሕዎ የተጠቀምኩ፣ በዚያው የከሰርኩ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ
ኤርጫፎ ዳና

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለበላይዎ አልላክሁም። በእናንተ ቤት ክስ ሳይጣራ እንዴት እንደሚፈጸም ስላየሁ፣ ለእርስዎ ሰጋሁ።