ቧንቧውን የከፈትከው አንተ ነህ

ዮኒዬ፣

ከተለየኸን ስድስት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ውሃ የሚመጣበት ቀን። ከቢሮ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ አጭሯን ዱካ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አስጠግቼ፣ በርሜሉ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። የምጽፍልህ በሶስና ደብተር የኋላ ገጾች ላይ ነው። መስመሩ ለልጅ እጅ የተሠመረ ስለሆነ ፊደሎቼ ትልልቅ ሆነዋል። እየጮኸችብኝ ነው ካልክ አልተሳሳትክም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኪሩ አራት ዓመት ሞላው። ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ማድረግ ይወዳል፤ ስናስተካክልለት ያለቅሳል። የሶስና ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠራ የኖረውን የገዛ ስሟን አሁን በትክክል መጥራት አቅቷታል። እዚህ ጎሮ ከግቢያችን ፊት ያለው መንገድ እንደገና ተቆፍሮ፣ ታክሲው ራቅ አድርጎ ነው የሚያወርደን። የቱርኩ ድራማም አለቀ። ልጅቷ ያንን ክፉውን ትታ ሐኪሙን አገባች። «የሴቶች ነገር» እያልክ ስልክህን እየነካካህ በአንድ ዓይንህ ትከታተለው ስለነበር መጨረሻውን ሳትሰማ መቅረትህ ያንገበግበኛል። ከእኛ በታች ያሉት ጋሽ ተካ ደህና ናቸው። አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ቀና እያሉ ጣሪያቸውን ያያሉ።

እኔ ያው ነኝ። ባለፈው ወር ምስር ወጡን አሳረርኩት። ዳንቴሌን ይዤ «ይህችን ረድፍ ብቻ ልጨርስ» ብዬ ነበር፤ ረድፍ ደግሞ መቼ ያልቃል። ሥራ ውዬ፣ ልጆች አጥቤ፣ አብልቼ፣ ለራሴ የምትቀረኝ ያቺ ኪሮሹን የምይዝባት ግማሽ ሰዓት ናት፤ ለወጥ ብዬ አልሰጣትም። አንተ ለእያንዳንዱ ዳንቴል በሱ ምክንያት ባረረው ወጥ ስም ታወጣለት ነበር። የቴሌቪዥኑ «ምስር»፣ የፍሪጁ «ድንች»፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ካባ ደግሞ «ዶሮ»። የዶሮዋን ነገር እናትህ እስካሁን አልሰሙም።

ሶስናን ደግሞ በምሳ ፋንታ ክር አስይዤ ላክኋት። ክሮቼን የማስቀምጥበት አሮጌ ምሳ ዕቃ ከእሷው ጋር አንድ ዓይነት ነው። በምሳ ሰዓት ብትከፍተው ቀይ ክርና ኪሮሽ። ጓደኞቿ እያካፈሉ አበሏት። ቤት ገብታ «እማዬ፣ ነገም ክር ላኪልኝ፤ ፓስታ በላሁ» አለችኝ።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ከሌ ላይ የሠራሁት ነው። መብራት በጠፋበት ጠዋት ሁለት ሳፋ ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። አንዱ ውስጥ የልጆቹ ነጭ ካልሲ በበረኪና ተዘፍዝፏል፣ ሌላው ንጹህ ውሃ ነው። ቸኩዬ ከሌን ካልሲዎቹ ላይ ጨመርኩት። ከሥራ መጥቼ ሳወጣው የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ልልበስልህ ብዬ በአራተኛው ወር ዥንጉርጉር ሆንኩልህ። ሌላ መግዛት አያቅተኝም ነበር። አልገዛሁም። ሬሳህ ሲወጣ የለበስኩት እሱን ነው፤ ስለ አንተ ከሱ በላይ የሚያውቅ ጨርቅ የለኝም። ከነዥንጉርጉሩ እየለበስኩት ኦሎምፒያ ቢሮዬ እገባለሁ። የሚያይ ይይ።

ይህን ሁሉ ብትሰማ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህም ስለዚያ ሳቅህ ነው።

በየበዓሉ ቦሌ ሚካኤል እናትህ ቤት ተሰብስበን ስንበላ፣ ከምሳ በኋላ የኔን ጉድ ታወራ ነበር። እኔ ስቀላ፣ አንተ ስታሳምረው፣ እማማ «አንተ ልጅ፣ ሚስትህን አታዋርድ» እያሉ ሲስቁ። አልጠላውም ነበር። ስለምትወዳት ሴት ስታወራ ዓይንህ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ሌላው ያላየው ያን ነው። አንተ ስትሄድ ወሬውን የሰሙት ሰዎች ቀሩ፣ ዓይንህ ግን አብሯቸው አልቀረም።

ባለፈው ሳምንት እሑድ መንፈቅህን እማማ ቤት አወጣን። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብላ እህትህ እትዬ ሙሉ ደውላ «ሶስና ሁለት ሦስት ቀን እኔ ጋ ትደር፣ ልብሷን ያዥላት» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቦርሳዋን አዘጋጀሁ። ፒጃማዋን፣ የጥርስ ብሩሿን፣ ያቺን አንድ ዓይን የሌላትን አሻንጉሊቷን። ካህናቱ ጸልየው፣ ነዳያን በልተው፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ቤተሰብ ብቻ ቀረን። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። የሶስና ቦርሳ እትዬ ሙሉ መኪና ውስጥ ገብቷል።

«ራሔልዬ፣ ክፉ እንዳይመስልሽ» ብላ ጀመረች። እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ደግ ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። «ሶስና ከእንግዲህ እኔ ጋ ትሁን። አንቺ ሥራ አለብሽ፣ ትንሹ አለልሽ። እስክትረጋጊ ነው።»

«ተረጋግቻለሁ» አልኳት።

ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። ያረረው ምስር። ክር የተላከበት ምሳ ዕቃ፤ ያንን ሶስና ራሷ በስልክ እየሳቀች ነግራት ኖሯል። ከዚያ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችና «ሐዘን እንኳ በበረኪና አይለቅም ነበር፣ የኔ እህት» አለች። አጎቶችህ መሬት መሬት ያያሉ። እማማ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ይዳብሳሉ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ናቸው፣ ሰው ሲናገር ይሰሙ አይሰሙ አይታወቅም።

አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ደግሞስ ቤት ያሰመጠች ሴት አይደለች? የሰው ጣሪያ ያወረደች! የውሃ ኢንጂነር ተብላ! ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ነፍሱን ይማረውና የነገረን ወንድሜ ነው። ሕፃኑ ያን ቀን ወለሉ ላይ ተኝቶ ቢሆንስ?»

ዮኒ፣ ፎቶህ ከጭንቅላቷ በላይ ግድግዳው ላይ ነበር። ትስቃለህ።

ያን ቀን የሆነውን እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው። ጠዋት ውሃ የለም። አንተ ካልሲህን ልታጥብ እጅ መታጠቢያው ውስጥ ከተትክ፣ ቧንቧውን ከፈትክ፣ ፉጨት ብቻ ወጣ። ካልሲውን እዚያው፣ ቧንቧውን ክፍቱን ትተህ ሥራ ሄድክ። እኔ ልጆቹን ይዤ ከአንተ ቀድሜ ወጥቼ ነበር። ውሃው እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ካልሲህ ቀዳዳውን ደፈነው። ተደውሎልኝ ስደርስ ጋሽ ተካ ደረጃው ላይ ጥላ ዘርግተው ቆመዋል፤ እቤታቸው ውስጥ የዘረጉትን ማጠፍ ረስተው ነው ይዘውት የወጡት። ከእኔ በኋላ አንተ ደረስክ። አፌን ሳልከፍት «ይቅርታ ጋሽ ተካ፣ ባለቤቴ ናት፣ ጠዋት በጣም ትቸኩላለች» አልካቸው።

ማታ ወለሉን እየጠረግን «ይቅር በይኝ፣ በእኔ ቀልዱ አያምርም፤ ባንቺ ግን ያምራል» አልከኝ። እኔም ሳቅሁ። ለገና እማማ ቤት አወራኸው። «ለከተማው ሕንፃ ሁሉ የውሃ መስመር የምትነድፍ ሚስቴ የራሷን ቤት ሐይቅ አደረገችው!» ቢሮዬ ድረስ መጥተህ ለባልደረቦቼ ነገርክ። ሦስት ዓመት ሙሉ ንድፍ ባቀረብኩ ቁጥር አንዱ ይነሣና «የጋሽ ተካ ጣሪያ ታስቦበታል?» ይላል። ብዙ ዓመት የተማርኩትን ሙያ መሳቂያ አደረግክብኝ፤ እኔም ስለምወድህ፣ ደግሞም አንተ የቤተሰቡ «ጥንቁቁ ዮናስ» ስለሆንክ፣ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ልጄን እስከማስወሰድ ይደርሳል ብዬ መች አሰብኩ!

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊናገር ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔ አላልኩም። በመንፈቅህ ቀን፣ ከፎቶህ ሥር፣ ያንን የተዥጎረጎረ ከል ለብሼ ተነሣሁና ሙት ወቀስኩ።

«ቧንቧውን ከፍቶ የሄደው ወንድምሽ ነው» አልኳት። «ምስሩን አሳርሬያለሁ። ክሩን ልኬያለሁ። ከሌን በበረኪና ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሠራሁትን ሁሉ ሠርቻለሁ። ያንን ግን አልሠራሁም። ልጄንም አልሰጥም፤ ባልሠራሁትም፣ በሠራሁትም።»

አንዱ አጎትህ «ኧረ ተይ ልጄ፣ በሌለበት» አሉ። እኔ ሶስናን ለመጥራት ወደ በሩ ዞርኩ።

«ካልሲውን የት ነበር ያደረገው?»

እማማ ናቸው። ዞሬ አየኋቸው። ነጠላቸውን መዳበስ ትተዋል።

«እጅ መታጠቢያው ውስጥ፣ እማማ። ቀዳዳው ላይ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ሳያጥበው?»

«ውሃ የት ነበርና ያጥበዋል?»

ዮኒ፣ እናትህ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ የሚያለቅሱ መስሎኝ ልይዛቸው ሄድኩ። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። «በርሜሉን! በርሜሉንስ ያፈሰሰው እሱ አይደል እንዴ!» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። ከዚያ ወደ እትዬ ሙሉ ዞሩ። «ሙሉዬ፣ ትንሽ ሳላችሁ፣ ያንን ሰልፍ ይዤ የቀዳሁትን በርሜል። እሷ ናት ብሎኝ አንቺን አይደል የገረፍኩሽ!»

እትዬ ሙሉ የታጠፉትን ጣቶቿን አየች። አንድ በአንድ ተዘረጉ። «በአርጩሜ ነው የገረፍሽኝ» አለች ቀስ ብላ። «እሱ መስኮት ላይ ሆኖ እያየኝ። በኋላ ከረሜላ ሰጠኝ። 'ይቅር በይኝ፣ አንቺ ስትገረፊ ብዙ አታለቅሺም' ብሎ።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ተናደድኩብህ። ከእኔ በፊት ሌላ ሴት ላይ ተለማምደህ ነበር! ከዚያ እህትህን ሳያት እንባዋ በሳቋ ላይ ይወርዳል። በአንድ ሰው ጥፋት የተቀጣን ሁለት ሴቶች ሆንን።

ይቅርታ አላለችኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ የሶስናን ቦርሳ አምጥታ እግሬ አጠገብ አስቀመጠችው። «አሻንጉሊቷን ዓይን ስፊላት እንጂ» አለች። እትዬ ሙሉ ናት፤ ሳትናገር አትቀመጥም።

ልንሄድ ስንነሣ እማማ እጄን ያዙኝ። «ሌላ አለሽ?» አሉኝ። አልገባኝም። «የሱን። የማናውቀውን።» ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እየመጣ ደግነትህን ሲነግራቸው፣ የሚያውቁትን ልጅ መልሶ መላልሶ ሲሰጣቸው፣ አዲስ ነገር የሰጣቸው የለም ነበር። ቁጭ አልኩና የቱርኩን ድራማ ነገርኳቸው። ክፉው ሰውዬ ልጅቷን በጥፊ የመታት ቀን ከክፍሉ ወጥተህ በረንዳ ላይ እንደቆምክ፣ ዓይንህ ቀልቶ ስትመለስ «አቧራ ነው» እንዳልክ። ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «እንደ አባቱ ነው» አሉ።

አሁን ስማኝ። ሰው ሁሉ ጥንቁቁ ዮናስ እያለ ያስታውስህ። እኔ እንደዚያ አላስታውስህም፤ እንቢ። ከነካልሲህ፣ ከነውሸትህ፣ ወለል እየጠረግህ ከጠየቅከኝ ይቅርታ ጋር ነው የማስታውስህ። ልጆችህ ሲያድጉ ፎቶውን ብቻ አይቀበሉም፤ ቧንቧ ከፍቶ የሚሄድ አባት እንደነበራቸው እነግራቸዋለሁ። ቢሮም ትናንት ተነሥቼ ነግሬያቸዋለሁ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ብቻ ሳቅሁ፣ ረጅም። ከሌን ዓመቱ እስኪሞላ አላወልቀውም። ሲሞላ ደግሞ አልጥለውም። ወጥ ያርራል። ዳንቴሉም ያልቃል። የቤቴን ጉድ ከእንግዲህ የማወራው እኔ ነኝ፤ የኔንም፣ ያንተንም።

ብዙ ልጽፍልህ ነበር። ግን ጋሽ ተካ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየደበደቡ ነው፣ ቀና ብዬ ባይ በርሜሉ ሞልቶ ውሃው እግሬ ሥር ደርሷል፣ ጫማዬ ርሷል።

ይሄኛው የእኔ ነው። ለእማማ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ራሔል