ሞተሩን የሚያጠፉት ገበሬ፦ የሰርዳር ቢካር ሲንግ የሕይወት ታሪክ

ሰርዳር ቢካር ሲንግ ከአባታቸው ከሰርዳር ኪሸን ሲንግና ከእናታቸው ከቻንድ ካውር እ.ኤ.አ. በ1948 በፑንጃብ፣ በሳንግሩር አውራጃ፣ ኮት ማልኪያና በተባለችው መንደር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው የሥራ እጅ ስላጠራቸው ወደ እርሻው ገቡ። በ1971 ወይዘሮ ጉርዴቭ ካውርን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ገር ሰው ነበሩ ብንል የሚያውቋቸው ይስቁብናል፤ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም ነበር።

አባታቸው በ1989 ሲያርፉ መሬቱን ከታናሽ ወንድማቸው ከሰርዳር ናዛር ሲንግ ጋር እኩል ተካፈሉ። የውሃ መሳቢያው ሞተር ግን አንድ ስለነበር በተራ ይጠቀሙበት ጀመር። የመብራቱ ውልም፣ እንደ መንደራችን ልማድ፣ በሟች አባታቸው ስም ቀረ።

መንግሥት ለገበሬ መብራት በነፃ መስጠት ሲጀምር፣ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ መንደሩ ሁሉ የሞተሩን ማብሪያ ከፍቶ መተው ለመደ። መብራት ሲመጣ ሞተሩ ራሱ ይነሳል፤ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል። በ2003 ሚያዝያ ሰርዳር ናዛር የከብት መኖ ማሳቸውን ሊያጠጡ እንዲሁ ከፍተውት ሄዱ። ውሃው ሞልቶ የሰርዳር ቢካርን ታጭዶ የተኛ ስንዴ አበሰበሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ ተኮራረፉ። በአንድ ጉድጓድ ውሃ እያረሱ፣ በአንድ ጉርድዋራ እየጸለዩ አይነጋገሩም ነበር። ለቤተሰባችን ይህ ከስንዴው የባሰ ኪሳራ ነበር።

ውሃው ዓመት በዓመት እየራቀ ጉድጓዱም እየጠለቀ ሲሄድ፣ መንግሥት ከተመደበለት ነፃ መብራት ሳይጠቀምበት ለሚያተርፍ ገበሬ የቆጠበውን በገንዘብ እከፍላለሁ አለ። ሰርዳር ቢካርም ሩዛቸው ጠጥቶ ሲበቃው እየሄዱ ሞተሩን ያጠፉ ጀመር። “አጎቴ፣ ውሃውን ለማን ነው የሚያስቀምጡት? ለባሕር?” እያሉ የቀለዱባቸው ዛሬ እዚህ ከለቀስተኛው መካከል አሉ። እሳቸው የቆጠቡትን ግን ወንድማቸው በተራቸው ይጨርሱት ነበር። ክፍያውም ቢመጣ የሚመጣው በሟች ስም ነው፤ ስሙን ለማዛወር ደግሞ የሁለቱም ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል።

በ2019 ሰርዳር ቢካር ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው የወንድማቸውን በር አንኳኩ።

“ናዛር፣ መንግሥት ለአባታችን ገንዘብ ሊልክላቸው ነው። እሳቸው መምጣት ስለማይመቻቸው እኔና አንተ እንሂድላቸው” አሉ።

“አባባ በቁማቸው ያልቆጠቡትን ሞተው ነው የሚቆጥቡት?” አሉ ሰርዳር ናዛር። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር ታናሽየው “የስንዴውን ነገር ይቅር በለኝ፣ ጋሼ” አሉ።

ውሉን ሰርዳር ቢካር በወንድማቸው ስም አዛወሩት። ክፍያው ሲገባ ድርሻቸውን እንዲወስዱ ቢጠየቁ “ላረስኩት ይከፈለኝ እንጂ፣ ማብሪያ ስላጠፋሁ ምን ብዬ እቀበላለሁ?” ብለው እንቢ አሉ። ሰርዳር ናዛርም ብቻቸውን ሊበሉት አልወደዱም፤ ገንዘቡ ተቀመጠ። ሞተሩን የማጥፋቱን ሥራ ግን ከወንድማቸው ተረከቡ። ማታ ማታ መጥተው “አጥፍቼዋለሁ፣ ጋሼ” ይሉና አብረው ሲጫወቱ ያመሹ ነበር።

ሰርዳር ቢካር በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በነሐሴ 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። በመጨረሻ ሰው መለየት ባቃታቸው ጊዜ እንኳ “አጥፍቼዋለሁ፣ ጋሼ” ሲባሉ በእሺታ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ከጸሎቱ በኋላ የምንቀምሰው የሮቲ ቂጣና የዳል ምስር ወጥ ከዚያ ከተቀመጠው ክፍያ የተሰናዳ ነው። የቀለዳችሁባቸውም ሳታፍሩ ብሉ፤ እሳቸው ቢኖሩ ራሳቸው ይጨልፉላችሁ ነበር። ዋሄጉሩ ነፍሳቸውን ከእግሩ ሥር ያሳርፍልን። ሰርዳር ናዛር ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ሲመጡ በእርሻው በኩል ዞረው ሞተሩን አጥፍተውታል።