እየሳበች የምታርቅ ጨረቃ

ለወንድሜ ለታፈረ፣

እንደምን ከርመሃል? ሀናስ ደህና ናት? ሜሮንን ጉንፋኑ ለቀቃት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት፤ አንተ ሰው ልከህ ከቤቷ ብታስነሣትም ደህና ናት።

በኅዳር በአንዱ አርብ፣ እኔ ገበያ መውጣቴን ጠብቆ ሾፌርህ አገኘሁ ቤቴ ገባ። የእናታችንን ልብስ በፌስታል ቋጥሮ፣ ክንዷን ይዞ መንገድ ዳር አደረሳት። መኪናው ጋ ስትደርስ እዚያው ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አልነሣም አለች። "እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ ታፈረ ባሕር ዳር እየጠበቀዎት ነው" ቢላት፣ "የሚጠብቀኝ እግር የለውም?" አለችው አሉ። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀበት፤ ፌስታሉን ጥሎ ባዶ መኪናውን እየነዳ ተመለሰ። እኔ አልሳቅሁም። እናታችን ወለተ ማርያም ጠባቂዋ ዘወር ሲል የምትነዳ ፍየል አይደለችም።

"እህቴ መጽሐፍ ታገላብጣለች እንጂ ሰው መጦር አትችልም" ብለኸዋል ለአገኘሁ። አዎ፣ አገላብጣለሁ። ሰሞኑን ያነበብኩትን ስማ። ዩራነስ የሚሏት ግዙፍ ፕላኔት በድንጋይና በበረዶ ቀለበቶች ተከባለች። አንዱን ቀጭን ቀለበት እንዳይበተን እንደ እረኛ የሚያግዱት ሁለት ትናንሽ ጨረቃዎች ናቸው፤ አንዷ ከውስጥ፣ አንዷ ከውጭ። አውድማ ላይ ከበሬው እግር የሚያፈነግጠውን ገለባ ከዚህም ከዚያም እንደምንመልሰው ማለት ነው። እነሱ ግን የሚመልሱት በመሳብ ነው። የውጭኛዋ ቀርፋፋ ናት፤ የሚያልፋትን ድንጋይ ወደ ኋላ ስትጎትተው ጉልበቱን ያጣና ከእሷ ርቆ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የውስጠኛዋ ፈጣን ናት፤ ወደ ፊት ስትስበው ወደ ውጭ ይሸሻታል። ይህን ሳነብ አንተን አየሁህ። እናታችንን ጎትተህ ያራቅካት አንተ ነህ።

ራሴንም አይቻለሁ፤ እንዳትነግረኝ። ፊደል የለቀምኩት አንተ ደጅ ላይ ስታጠና ሰምቼ ነው። አባታችን ሲሞት ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ሞፈር ያስያዝኩህም እኔው ነኝ። አጥብቄ ብይዝህ ጠፍተህ ሄድክ። ቂሙ የእኔና የአንተ ነው፤ በእናቴ አትወጣውም።

ሁለተኛ መኪና እንዳትልክ። ብትልክ ጎማው ሥር እተኛለሁ። አንድ ነገር ግን ልደብቅህ ብዬ አልሆነልኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እናታችን ድንጋዩ ላይ መዋል ለምዳለች። መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች፤ የሚወርደውን አይታ አንገቷን ትደፋለች። ና ብዬ አልለምንህም። በገዛ እግርህ ከወረድክ ግን በሩን አልዘጋብህም።

ሜሮንን ጉንጯን ሳምልኝ። ሀናን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ጋቢ እናታችንን ሞቋታል። ለአገኘሁ ሰላምታ የለኝም፤ ፌስታሉን ግን መጥቶ ይውሰድ።

እህትህ ተሾመች
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.